ሎሚው ይቀነስ

ሀዋሳ ዓሣ ሊበላ የሚመጣ ሰው ስለ መጠጡ ብዙ አይጨነቅም። ቢራ አለ፣ አምቦ ውሃ አለ፣ ለደፋሩ ደግሞ አረቄ አለ። ወይን ጠጅ የሰርግና የልደት ነው፤ ያኔም ቢሆን ኮካ ወይም ስፕራይት ካልተጨመረበት ጉሮሮ አያልፍም። ይህን ሥርዓት ሊያፈርስ የተነሳው ከሚላኖ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሉጋና የሚባል ደረቅ ነጭ ወይን በካልሲ ጠቅልሎ አምጥቶ ነበርና ጋሼን፣ ማለትም ትልቁን አጎታችንን፣ ይዘን አሞራ ገደል ወረድን።

አሞራ ገደልን ለማያውቅ፦ ጠዋት ጀልባዎቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ያራግፋሉ፤ ልጆቹ ቢላዋው በማይታይ ፍጥነት ይገፍፉታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ደግሞ በራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው እንዳልተጠራ የሰርግ እንግዳ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ያሻው ጥሬውን በዳጣ ይበላል፣ ያሻው ሾርባውን ፉት ይላል። የእኛ ቤት ሰው ግን ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ ቆሮሶ ካላየ በላሁ አይልም።

እንዲህ ያለው ወይን የሚጣፍጠው ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። የሀዋሳ ቀትር ደግሞ ለወይን አያዝንም። ስለዚህ የዓሣ ቤቱ ፍሪጅ ተለመነ፤ ሉጋና ከአምባዛ ጎን ተጋድሞ ቀዘቀዘ። መክፈቻ ስላልተገኘ ቡሹ በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ተገፋ፤ ወይኑም በሻይ ብርጭቆ ተቀዳ። ጋሼ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ፊታቸው ተጨማደደ።

«የዚህን ስኳር ማን ወሰደው?»

«እርሾው በላው» አለ የአክስቴ ልጅ።

ጋሼ ጠላ ሲጠመቅ እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። የአክስቴ ልጅ ግን ቀጠለ፦ ደረቅ በሚባል ወይን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ስኳር በሊትር ከ4 ግራም አይበልጥም፤ ኮካ ኮላ ግን በሊትር ከ100 ግራም በላይ ይዟል። ጋሼ ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ትምህርት አንድ ነው፦ «እንግዲያው ስፕራይት ጨምርበት!» የአክስቴ ልጅ ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አቀፈው።

ጠርሙሱን እንዳቀፈ የወይኑን የትውልድ ሐረግ ቆጠረልን። ሉጋና የሚገኘው በሰሜን ጣሊያን፣ ከጋርዳ ሐይቅ በስተደቡብ ባለ ሸክላማ መሬት ላይ ነው። የወይን ፍሬው ቱርቢያና ይባላል፤ ስሙም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል። ጋርዳ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የእኛውን የሀዋሳ ሐይቅ አራት እጥፍ ያህላል። የአካባቢው ሰው ላቫሬሎ የሚባል ዓሣ ከሐይቁ አውጥቶ በዚሁ ወይን ያወራርደዋል።

«እነሱም አሞራ ገደል አላቸው በለኛ» አሉ ጋሼ።

«አላቸው፤ አባ ኮዳ ግን የላቸውም።»

«ታዲያ ትርፍራፊውን ማን ያነሳላቸዋል?»

ለዚህ ጣሊያን የኖረውም መልስ አልነበረውም።

በዚህ መሃል ዓሣው ደረሰ። ጋሼ ከጀርባው ቦጨቅ አድርገው ጎረሱ፤ ወይኑን አስከተሉ፤ ዝም አሉ። ደግመው ጎረሱ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ኮምጣጣው የዘይቱን ድልብነት ቆርጦ አፋችንን ለሚቀጥለው ጉርሻ እንዲያሰናዳው ነው። የደረቁ ነጭ ወይን ሥራም ይኸው ነው። ሀዋሳ ስንት ዘመን ሎሚ ስትጨምቅ የኖረችው ይህን ወይን ፍለጋ ኖሯል! ዳጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አልኮል የቃሪያን ቃጠሎ ያባብሳል። ጋሼ ዳጣ ልሰው ወይን ሲያስከትሉ ለጥቂት ጊዜ ንግግር ጠፋባቸው፤ ቤተሰቡ በዚህ አጋጣሚ ብዙ ጨዋታ ተጫወተ።

ለዚህ ሲባል ጋርዳ ድረስ መሄድም አያሻም። ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ ስትወርዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል የተከለው የወይን እርሻ አለባት፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም ሪፍት ቫሊ የተባለ ወይን ለገበያ ታቀርባለች። ከዚያ ውስጥ ሻርዶኔው ነጭና ደረቅ ነው። ዓሣውም ወይኑም የአንድ ስምጥ ሸለቆ ልጆች ሆነው ሳለ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እምብዛም አለመገናኘታቸው የጎረቤት ነውር ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ሙግት እንዳያጋጫቸው የሚሰጋ ካለም፣ ጋሼ ብይን ሰጥተዋል፦ «በዓሣው አልፈርድም፤ ወይኑ ግን ከነቅጠሉ የጾም ነው።»

ሒሳብ ሲመጣ ጋሼ ያልተነካውን ሎሚ ወደ አስተናጋጇ ገፉት።

«ልጄ፣ ሥራውን ወይኑ ሠርቶልናል፤ ሎሚው ይቀነስ።»

«ሎሚ እኮ በነፃ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወደ አክስቴ ልጅ ዞሩ። «ይኼን ሁሉ ዩሮ ያወጣኸው እዚህ በነፃ ለሚሰጥ ነገር ነው?» አሉና ብርጭቆአቸውን እንዲሞላላቸው ዘረጉ።