ጆሯችን ምን በደለ?

ሙዚቃን በጥራት መስማት የምንወድ ሰዎች አንድ የጋራ ጣጣ አለብን፤ ሰው ይጠይቀናል። አዲስ ስፒከር የገዛ ይጠይቀናል፣ ከውጭ ደህና የጆሮ ማዳመጫ የተላከለት ይጠይቀናል፣ የአጎቱን የሸክላ ማጫወቻ አስጠግኖ ያስነሳ ይጠይቀናል። ጥያቄው ያው ነው፦ «እስቲ ጥርት ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ ጠቁሙኝ። የኛው ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።» «የኛው ቢሆን» እስኪል ድረስ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር።

የፈረንጁን መጠቆም ምን ችግር አለው? ዝርዝሩ ከኛ በፊት ተጽፎ አልቋል። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ 1959 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»፣ 1973። የስቲሊ ዳን «ኤጃ»፣ 1977። የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ»፣ 1985። ከዚያ ደግሞ የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ»፣ ያውም በ1994 ተመልካች ፊት የተቀዳው። ይቺን በየዕቃ መሸጫው ሰምተናል፣ በየወዳጁ ሳሎን ሰምተናል፣ በየመኪናው ሰምተናል፤ አሁንስ በቃን። ሰው ስንት ሺህ ብር አውጥቶ የገዛውን ስፒከር እናቱ በማታውቀው ዘፈን ይፈትናል። ለምን ቢሉ፣ እናቱ የምታውቀው ዘፈን ለፈተና የሚቀርብ ቅጂ የለውማ!

ከካሴቱ እንጀምር። ሸክላው ቀርቶ ካሴት ከነገሠ ወዲህ ዘፈናችን የኖረው በቅጂ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ይቀዳል፣ ከሱ ጓደኛ ይቀዳል፣ ከጓደኛ ጎረቤት ይቀዳል። በተቀዳ ቁጥር «ሽሽሽ» የሚለው ይጨምራል፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ይጠፋል፣ ቤዙ ይድበሰበሳል። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት ይላል ደንቡ። ይህን ለኛ ቴፕ ማን ይንገረው? ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ይጎተታል፣ ላስቲኩ ሲላላ ይዋልላል፣ ሲብስበት ክሩን ይበላና በእስክሪብቶ ያስጠነጥነናል። ፍጥነቱ 6 በመቶ ገደማ ከተዛነፈ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ይወጣል ወይም ይወርዳል። ስለዚህ ያው ዘፋኝ በአንዱ ቅጂ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ነው፣ በሌላው ቅጂ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ነው። አብሮ ክራር ልምታ ያለ ሰው በየቅጂው ሲያጠብቅና ሲያላላ ይመሻል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የዚያ የተከበረው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የመጀመሪያው ዕለት ቀረጻ የተቀዳበት መሣሪያ ቀስ ብሎ ይሄድ ስለነበር፣ ሦስቱ ዜማዎች ሸክላው ላይ ከልካቸው ፈጥነው ወጡ። በ1992 በወጣው እትም ታረመ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፣ ግን ታረመ። ለማረም በቀረጻው ዕለት የተቀዳ ሪል በእጃቸው ነበራ። የኛ ሪል የት ነው? ማን ጓዳ፣ ማን ቆጥ ላይ ነው? ጠያቂ እንጂ መላሽ የለም።

እሺ፣ ካሴቱስ አርጅቷል፤ ጊዜው ነው ብለን እንለፈው። ኢንተርኔት ላይ የሚጭኑልን ሰዎችስ? ማሲንቆው ገና ሲንደረደር ሰውየው ጣልቃ ይገባል፦ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!» ዲጄው ደግሞ ስሙን ይጠራል። ትዝታ ላይ ስሙን ይጠራል፣ ባቲ ላይ ስሙን ይጠራል፣ አምባሰል ላይ ስሙን ይጠራል። የዘፋኙ ስም ግን የለም። የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ የሉም፣ ሳክስፎኑን የነፋው የለም፣ የተቀዳበት ዓመት የለም። ያለው «ትራክ 07» ነው። ወይም «አዲስ የኢትዮጵያ ሙዚቃ» ነው፤ ዘፈኑ ከጫነው ልጅ በዕድሜ ይበልጣል። ፎቶው ደግሞ የሌላ ዘፋኝ ነው።

ከዚያ ጭመቃው አለ። ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። በየስልኩ የሚዘዋወረው ኤምፒስሪ ብዙ ጊዜ 128 ነው፤ ከአሥራ አንድ አንድ እጁ መሆኑ ነው። ይህም ባልከፋ፤ ከዚያ በታች ይጨምቁታል፣ በቴሌግራም ይልኩታል፣ የተቀበለው እንደገና ጨምቆ ለሌላ ይልካል። የባሰበት ከሬዲዮ በስልኩ ቀድቶ ይልካል፤ ከጀርባ የሳህን ድምፅ አለ። መጨረሻ ላይ አንዱ ይነሣና ያንኑ ፋይል ወደ ትልቅ ፎርማት ለውጦ «ኤችዲ፣ ኦሪጅናል ጥራት» ብሎ ይጽፍበታል። ቅራሪ በብርሌ ቢቀዳ ጠጅ አይሆንም። የተጣለው ድምፅ ተጥሏል፤ ፋይሉ ቢያብጥ ስልካችንን ይሞላል እንጂ ዘፈኑን አይመልስም።

የበገናውን ነገርማ አታንሡብን። በገና አሥር አውታር አለው። በየአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ ደረት ድረስ የሚዘልቀው ንዝረት የሚመጣው ከሷ ነው። ስፒከር ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ድምፅ አናውቅም፤ ወፍራሙም ቀጭኑም በአንድ ምት ውስጥ አለ። ግን በተጨመቀ ፋይል ሲሰማ ንዝረቱ ይኮሰምናል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ቅጂው ይሁን መሣሪያው መለየት ያቅታል። ደህና ቅጂ አግኝተን ዕቃ መሸጫ ወስደን ስናስጫውት ደግሞ ባለሙያው ጆሮውን ያስጠጋና «ኮኑ ተቀዷል» ይለናል። የለም ወንድሜ፣ በገና ነው እንለዋለን። «በገናው ይሁን፤ ስፒከሩ ግን ተቀዷል» ይለናል።

ደህናውን ቅጂ ከየት አመጣችሁት ካላችሁ፣ ከፈረንጅ አገር ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸውን ሸክላዎች፣ ካይፋ የተባለው አሳታሚ ካወጣቸው ጋር፣ በወጉ አሰባስቦ ለገበያ ያቀረበው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» ብሎ። እናመሰግናለን። ግን አዲስ አበባ የተዘፈነውን አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ከፓሪስ በዩሮ እናዛለን። የሙዚቀኛው የኃይሉ መርጊያ ካሴት ጉዞማ ጉድ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር ያዋሐደበትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ውስጥ አግኝቶ ገዛው፣ ተመልሶ በ2013 አሜሪካ ውስጥ አሳተመው። እኛ ደግሞ ያንን እትም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ እንዲያስገባልን እንለምናለን። ዘመድ «ሸክላ ይሰበራል» ይላል። ቪታሚን ይዞ ይመጣል።

የዘንድሮውን ዘፈን ጠቁሙ የሚሉን አሉ። ምኑን? ከመጀመሪያው ሴኮንድ እስከ መጨረሻው ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ተወጥሯል። ዝቅ የሚል ነገር የለም፣ ፋታ የለም፣ ሹክሹክታውም ይጮኻል። ማሲንቆው ከኪቦርድ የወጣ ነው፤ ማሲንቆ መቺው እዚያው ሰፈር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አጨብጫቢው ኮምፒውተር ነው። የዘፋኙ ድምፅ በማሽን ተስተካክሎ ተስተካክሎ፣ ያ የምንወደው ጉሮሮ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ነገር አብሮ ተስተካክሎ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ የሚያቀናብሩት ጎበዞች ናቸው፣ ችሎታ አላጡም፤ ግን ታክሲ ውስጥ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ ታዝዘው ነው የሚሠሩት። ታክሲው ደግሞ ወንበር ሥር ያስቀመጠው ቤዝ ኩላሊታችንን እያራገፈ ያደርሰናል።

ይህ ሁሉ አልፎ፣ ቅጂው ተገኝቶ፣ ዕቃው ተገጥሞ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ቁጭ ስንል፣ መብራት ይጠፋል።

ያም ሆኖ የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ንዝረቱን ለመፈተን የዓለሙ አጋን በገና፣ ኢትዮፒክስ 11። ፒያኖ ብቻውን እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን፣ ኢትዮፒክስ 21፤ ድምፁን ከፍ አታድርጉት፣ እሳቸውም አይጮኹም። ሙሉ ባንድ ለመስማት ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒውዮርክ የቀዳው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»፤ በ2017 እንደገና የታተመውን ፈልጉ፣ የቫይብራፎኑን ምት ከኮንጋው ለይቶ ያሰማል። አኮርዲዮን ለሚወድ ያ የኃይሉ መርጊያ ካሴት። ካሴትነቱ ይሰማል፤ ግን ማንም በላዩ ላይ አይጮኽበትም፣ ይህም በኛ ሁኔታ ትልቅ ነገር ነው።

ለቀሪው ግን እናንተን እንለምናለን። ቤታችሁ ሪል፣ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት፣ ለልጅ መጫወቻም አትስጡት። ደህና መሣሪያ ያለው ሰው ፈልጋችሁ በትክክለኛው ፍጥነት፣ ሳትጨምቁ፣ አንድ ጊዜ በወጉ አስቀዱት። የዘፋኙን ስም ጻፉ፣ የአጃቢዎቹን ጻፉ፣ ዓመቱን የሚያስታውስ አዛውንት ካለ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ ጫኑልን። በላዩ ላይ ግን እባካችሁ አትናገሩበት።