ጡረታ የወጣ ዘይት

የተቃጠለ ዘይት ጥላሸት፣ አሲድና የብረት ብናኝ ጠጥቶ ከሞተር የወጣ ጥቁር ፈሳሽ ነው። የተቀዳው ሞተሩን እንዳይጎዳ ተብሎ ነው፤ ለመኪና በር ማጠፊያ ግን መድኃኒት ነው። ባለመኪናው ይህን ጥበብ ከማንም አልተማረውም፤ በረንዳ ጥግ በውኃ ፕላስቲክ ሞልቶ ያስቀመጠው ዘይት ራሱ ሹክ ብሎታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሩ ሲጥ ሲል ፕላስቲኩ ይዘነበላል። መጀመሪያ አሮጌውን ቆሻሻ መጥረግ ሥራ ፈት የሚያመጣው ነገር ነው። ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ ይላል። ከዚያ የመንገዱ አቧራ መጥቶ ከዘይቱ ጋር ይለወስና በሩ በተከፈተ ቁጥር የማጠፊያውን ዘንግ የሚሞርድ ሞረድ በነጻ ይገኛል። ውሎ አድሮ በሩ ወደ ላይ ካልተነሣ አልዘጋ ይላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ መኪናውን የሠራችው የጃፓን ነው።

የተቃጠለ ዘይት ያጣ ወጥ ቤት ይገባል። የምግብ ዘይት እንዲህ ተወዶ ለመኪና ማጠጣት መቼም ቸርነት ነው። የሚረጋው ዓይነት ከሆነ በጥቅምት ብርድ ማጠፊያው ውስጥ ቅቤ መስሎ ያድራል። የማይረጋውም ቢሆን ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው በዚሁ የዘይት ጠባይ ነው። የኮፋኖው መቆለፊያ እንዲህ የተሟሸለት ሾፌር አንድ ቀን በፍጥነት መንገድ ላይ ከአስፋልቱ ይልቅ የኮፋኖውን ሆድ ያያል።

የሠለጠነው ደግሞ ደብሊው ዲ 40 ይነፋል። በ1953 እ.ኤ.አ. ሳንዲያጎ ላይ ውኃን ከብረት ለማባረር የተቀመመ፣ የአትላስ ሚሳይልን ገላ ከዝገት የጠበቀ ነው፤ ለኮሮላ በር እንዴት ያንሳል? የነበረውን ግራሶ አጥቦ ያወጣል፤ አብዛኛው ራሱም ተንኖ ይሄዳል።

የጥበቡ ቁንጮ ሻንሲ ነው። ላቫጆ ላይ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ተደባልቆ ከሥር ይነፋል። የላስቲክ ቡሾች ጠጥተው ያብጣሉ፤ የተረፈው በቦዩ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጥቂቱ የፍሬን ዲስክ ላይ ካረፈ መኪናው መቆም ይጠላል፤ ሻንሲው ግን ከግንብ ጋር ሲላተም እንኳ አልዛገም።

ለአራቱም በሮች፣ ለኮፋኖውና ለኋላው ክዳን የሚበቃው ንጹሕ ግራሶ አንድ የቡና ስኒ አይሞላም።