የካፉሪ ጉባኤ ቤት

በየመሥሪያ ቤቱ አለቃና ምንዝር ባለመግባባታቸው ሥራ መበደሉን የተረዱ ሹማምንት «ውጤታማ ተግባቦት» የሚሉትን ሥልጠና አዘጋጅተው፣ ሠራተኛውን በሆቴል አዳራሽ ሰብስበው፣ ውኃና ብስኩት አቅርበው፣ የውሎ አበልም ቆርጠው፣ አሠልጣኙ መልእክት ከተናጋሪ ወደ ሰሚ እንዴት እንደሚሻገር ቀስት እየሣለ ሲያስረዳ መዋሉን በሰማሁ ቁጥር ለወጪው አዝናለሁ፤ ይኸው ዕውቀት ያለ አበልና ያለ ብስኩት የሚቀሰምበት ጉባኤ ቤት ከመተማ ማዶ፣ በካርቱም፣ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን ባለው በካፉሪ ሰፈር ተተክሎ ኖሯልና።

ካፉሪ በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አገዛዝ ዘመን በዚያ እርሻ በነበረው በነጋዴው በዐዚዝ ካፉሪ ስም የተጠራ፣ ኋላም እርሻው ቦታውን ለቪላ የለቀቀበት፣ ከ1981 እስከ 2011 ዓ.ም. አገሪቱን የገዙት የዑመር አል በሺር ቤተ ዘመዶች ሳይቀሩ የከተሙበት የባለጸጎች መንደር ነው። የቪላውን እብነ በረድ የሚወለውሉት፣ ሕፃኑን የሚያጥቡት፣ ለእንግዳው ሻይ የሚያቀርቡት እጆች ግን በብዙው ቤት የእኛ ልጆች እጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ድንበሩን በደላላ መሪነት ሌሊት በእግር ያቋረጡ፣ ውል የሚባል ወረቀትም በዓይናቸው ያላዩ ጥቂት አይደሉም።

በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የቆመው ግድግዳ ቋንቋ ነው ይባላል፤ ልጅቱ ዓረብኛ አታውቅም፣ ማዳም አማርኛ አታውቅም። በጽርሐ ጽዮን ለተሰበሰቡት ሐዋርያት የአሕዛብ ልሳን በታደላቸው ጊዜ እሳት ከሰማይ መውረድ አስፈልጎ ነበር፤ ካፉሪ ግን ሰማይን ሳታስቸግር፣ ያንኑ አንዱን ልሳን ጮክ ብሎ በመናገር ብቻ ለሰሚው ሁሉ እንዲገባ ማድረግ እንደሚቻል ደርሳበታለች። እነሆ ትምህርቱ፦ ማዳም ከሰገነት ሆና «ጂቢ ዌካ» ትላለች፤ ለወጡ የደረቀና የተፈጨ ባሚያ ፈልጋ ነው። ልጅቱ ጭልፋ ይዛ ትወጣለች። «ዌካ!» ትላለች ማዳም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ልጅቱ ጭልፋውን መልሳ ወንፊት ታመጣለች። በሦስተኛው ጩኸት የጎረቤት ዘበኛ ከወንበሩ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ልጅቱ የማድ ቤቱን ጣሳ ሁሉ በአንድ ትሪ ደርድራ ታቀርባለች፤ ከጣሳዎቹም በአንዱ ዌካ ይገኛል። «አየሽ፣ ስትፈልጊ ይገባሻል» ትላለች ማዳም፤ ዘዴው መሥራቱን በዓይኗ አይታለችና ማን ይከራከራታል?

እንዲህ ያለ ትጋት ፍሬ አያጣም። ዓመት ሳይሞላ ልጅቱ ሙላህ የሚሉትን ወጥ ዓይነት፣ ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ አጋገር፣ የስድቡንም ዝርዝር አጥርታ ትይዛለች፤ ማዳም በአንጻሩ ከአማርኛ አንዲት ቃል ሳትቀስም ትቀራለች፤ ሊቅ ከደቀ መዝሙር አይማርምና። ምሥጢሩ የሚገለጠው ግን በወር መጨረሻ ነው። ልጅቱ በጠራ የሱዳን ዓረብኛ «ዌን አል ማሂያ?» ብላ ደመወዟን ስትጠይቅ፣ ጠዋት የሳህን ኮሽታን ሦስት ክፍል ተሻግሮ የሰማው ያ ጆሮ በድንገት ይደፈናል፤ ማዳም ግንባሯን ቋጥራ፣ ከዚህ ቀደም ያልሰማችው የሩቅ አገር ልሳን እንደ ተነገራት ሁሉ ዝም ትልና «ቡክራ ኢንሻአላህ»፣ ማለትም «ነገ፣ እግዜር ካለ» ትላለች። ነገሩ ከጸና ደላላው በአስተርጓሚነት ይጠራል። እርሱ የአንድምታ መምህር ነው፦ ማዳም ሩብ ሰዓት ስትናገር አዳምጦ «ታገሺ ነው የምትልሽ» ይላል፤ ልጅቱ የቀረባትን ደመወዝ፣ የእናቷን ሕመም፣ በሣጥን የተቆለፈባትን ፓስፖርት እያነሣች ስታለቅስ አዳምጦ ወደ ማዳም ዘወር ይልና «ታመሰግናለች» ይላል። የሁለቱን ወገን ቃል እንዲህ አሳጥሮ ሰላም ለሚያወርድ ሰው ኮሚሽኑ በዛ ማለት ንፉግነት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ፣ ካፉሪን ሳያማክር፣ ለቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አወጣ፤ በ7ኛው አንቀጽ ሠራተኛዋ የሥራዋን ሁኔታ በቀላሉ በሚገባት መንገድ እንድታውቅ፣ በ9ኛውም ፓስፖርቷን በእጇ እንድትይዝ ጻፈ። በካፉሪ ሥርዓት ግን ፓስፖርት የሚቆለፈው እንዳይጠፋ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የእኛ ሰው ቀዳም ሥዑር ነውና ቄጠማ በራሱ ሲያስር፣ ሱዳናውያንም ረመዳንን ሊፈጽሙ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ የአገሪቱ ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተኩስ ከፈቱ፤ ካፉሪም ጦሩ በ2017 ዓ.ም. እስኪያስለቅቃት ድረስ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ቆየች። ሣጥን ቆልፎ የሚሸሽ ሰው ቁልፉን ይዞ መሄዱ የታወቀ ነውና፣ ልጅቱ ያለ ወረቀት መተማ ላይ ስትቆም፣ ፓስፖርቷ ከመጥፋት ፍጹም ድኖ እስከ ዛሬ እዚያው ይኖር ይሆናል።

በዚያው በካርቱም፣ በዴም ሰፈር፣ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ የእኛ ሴትና ሱዳናዊው ሹፌር በግማሽ ዓረብኛና በግማሽ የእጅ ምልክት ሲነጋገሩ አስተርጓሚ አይጠሩም ነበር፤ ሂሳቡ ስኒው ሳይነሣ ይከፈላልና። ይህ ግን ያልተማሩ ሰዎች ልማድ ስለሆነ ከጉባኤ ቤቱ ትምህርት አይቆጠርም።

ካፉሪን ብቻ ማወደስ ደግሞ አድልዎ ይሆናል፤ በብዙው ቤት የአሠሪና የሠራተኛ ልሳኑ አንድ፣ ጾሙም አንድ በሆነበት በአዲስ አበባ የጉባኤ ቤቱ ቅርንጫፍ በየግቢው አለ፤ ደቀ መዛሙርቱም መምህሮቻቸውን ሳይበልጡ አይቀሩም።

«እትዬ፣ ወሩ ሞልቷል እኮ» ትላለች ልጅቱ ከሳሎኑ በር ቆማ።

«እ? ቴሌቪዥኑን ቀንሺውና ንገሪኝ።»

ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል። «ወሩ ሞልቷል ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

«ኧረ አልሰማሁሽም። ይልቅ ወተቱ ሊገነፍል ነው መሰለኝ፣ ሩጪ አውጪው!»