እግዜር ትራፊክ ፖሊስ አይደለም

ሰማይ ካጉረመረመ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ነገር ይከተላል፤ መብራት ይጠፋል፣ ጋሼ ኃጢአተኛ መፈለግ ይጀምራሉ። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የጋሼ ፍለጋ ግን ጊዜ አይወስድም። ባለፈው ክረምት የተያዘችው ቀይ ሹራብ ለብሳ በረንዳ ላይ የቆመች የጎረቤቴ ልጅ ናት።

«አውልቂ! መብረቅ ቀይ ይወዳል! እግዜር ሲቆጣ አይታይሽም?»

«ጋሼ፣ ለጥምቀት ታቦቱ ፊት የምናነጥፈው ምንጣፍ ቀለሙ ምን ነበር?»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበቃ የሆንከው?»

«ዓቃቤ ሕጉ ሲበዛ።»

ልጅቷን ከነጎድጓዱ ይልቅ ያስደነገጣት የጋሼ ድምፅ ነው። አልጋ ሥር ገብታ እናቷ በብስኩት ነው ያወጣቻት። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። ለምን ቢሏት፣ «እሱ ቤት ሄጄ እጄን ልስጥ እንዴ?» በሰባት ዓመቷ ነገር ገብቷታል። የሚያሳድድህ ሰው ቤት በእግርህ አትሄድም።

እኛም ያደግነው በዚሁ ሕግ ነው። ጨው የደፋ ልጅ በሰማይ ቤት እያንዳንዷን ቅንጣት በቅንድቡ ይለቅማል ተብለናል። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ በኖረበት አገር ልጅን ከብክነት ለመጠበቅ የተፈጠረች ማስፈራሪያ ትሆናለች፤ እናቶቻችንን አልወቅስም። ግን እስቲ አስቡት፣ ዳሎል ላይ ያን ሁሉ ጨው ሜዳ ላይ የደፋው ማን ሆነና ነው በአንዲት የሻይ ማንኪያ መዝገብ የሚከፍተው?

የብዙዎቻችን እግዜር ድልድይ ሥር ተደብቆ የሚጠብቅ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ስንደርስ ብቅ ይላል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ጋሼ ደግሞ ማንም ሳይቀጥራቸው ረዳቱ ሆነዋል።

የጋሼን የቅጣት ደንብ ካጠናሁት በኋላ አንድ ነገር ተገልጦልኛል። ጎረቤት ላይ ሲደርስ ቅጣት ነው፤ እሳቸው ላይ ሲደርስ ፈተና ነው። የሌላ ሰው ልጅ ሲታመም የአባቱ ኃጢአት ነው፤ የእሳቸው ልጅ ሲታመም የሰው ዓይን ነው። አውሎ ነፋስ የመጣ ጊዜ የሁለት ቤት ቆርቆሮ ተነቅሎ ነበር፤ የእሳቸውና የጠላ ሻጯ የእትዬ።

«የእትዬ ጣሪያ በምን ተነቀለ ጋሼ?»

«በጠላዋ ነዋ! ስንቱን ቤት አፍርሳበታለች።»

«የእርስዎስ?»

«የኔ ፈተና ነው። እግዜር የሚወደውን ይፈትናል።»

«ነፋሱ እኮ አንድ ነው። መሃል ላይ ሥራ ቀየረ?»

በዕድር ድንኳን ውስጥም አይተኙም። በመሠራት ላይ ያለ ፎቅ ተደርምሶ የቀን ሠራተኞች መሞታቸው ሲወራ፣ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ «ምን ሠርተው ይሆን?» አሉ። ምን ይሥሩ፤ ሲሚንቶ ነበር የሚሸከሙት። ኃጢአት ካለም ብረቱን ያቀጠነው ሰው ዘንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ፎቁ ሥር አልነበረም። ይህ ጥያቄ ድሮም ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። ሰሊሆም ላይ ግንብ ተንዶ 18 ሰው በገደለ ጊዜ፣ ክርስቶስ እነዚያ ሰዎች ከቀረው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም ብሏል። ሉቃስ 13 ላይ አለ፣ አልኳቸው።

ጋሼ መጽሐፍ ያውቃሉ፣ ይህ አይካድም። «ቀጥሎ ያለውን ለምን ዘለልከው? ንስሐ ግቡ ይላል!»

«ይላል። ግን የተናገረው ለቆሙት ነው። እርስዎ የሚሰብኩት ለሞቱት ነው።»

አጠገባችን የተቀመጡት ሐጂ ሳቁ። «እኛም ጋ እንዲህ ያለ ሰው አለ» አሉ። «ከ114 ሱራ 113ቱ በርኅሩኁና በአዛኙ ስም ይጀምራል። እሱዬው የቀረችውን አንዷን ሸምድዶ ይዞራል።»

የእግዜር ቁጣ የሚባለው ነገር እኮ ብዙ ጊዜ ሌላ አድራሻ ነበረው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን የመጣብን በኃጢአታችን ነው ያሉ ጥቂት አልነበሩም። ረሃቡን ያስከተለው የከብት በሽታ ግን ምጽዋ ላይ ለሰፈረው የጣልያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር ነው የገባው። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ገበሬው በሬውንም ልጁንም ቀብሮ ሲያበቃ ጥፋተኛም አንተው ነህ ተባለ። ወራሪው ይሄኔ ምጽዋ ላይ ቡናውን ይጠጣል።

ለጋሼ የሚስማማቸው ነቢይ ዮናስ ነው። ጾመ ነነዌን ሦስቱንም ቀን ይጾማሉ፣ ታሪኩ ሲነበብ ግን ከዓሣው ሆድ የሚያልፉ አይመስለኝም። ከዓሣው ይልቅ አስቂኙ መጨረሻው ነው። ከተማው ንስሐ ገባ፣ እግዜር ማረ፣ ዮናስ ተቆጣ! ወጣ ብሎ ዳስ ሠርቶ ምን እንደሚወርድባት ሊያይ ተቀመጠ። ከ120 ሺህ በላይ ሕፃንና የዋህ ያለባት ከተማ ስለተረፈች ተናዶ፣ የምታስጠልለው ቅል ስለደረቀች ሞቱን ተመኘ። እግዜር በዚያ ምዕራፍ ስለ ከብቶቹ ሳይቀር ሲያስብ ነቢዩ ስለ ጥላው ነው የሚጨቀጭቀው።

«እና እኔ ዮናስ ነኝ?»

«ዮናስማ መጨረሻ ላይ ዝም ብሏል።»

ምሕረት ካነሣን ደግሞ፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ነው። በዚያ ቀን ስለ በላዔ ሰብእ ያልሰማ ምእመን የለም። ሰውየው 78 ነፍስ በልቷል፣ ሚስትና ልጆቹንም ጨምሮ። የጽድቅ ሥራው ሲፈለግ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ስለ እመቤታችን ብሎ የለመነውን የተጠማ በሽተኛ እፍኝ ውኃ ማጠጣቱ። እሷኑ እንኳ በግድ ነበር የሰጠው። ያቺ እፍኝ ውኃ ግን በአማላጅነቷ ሚዛን ደፋች። ሊቃውንቱ ትርጓሜውን ይከራከሩበት፤ እኔን የገረመኝ ይህን ታሪክ ይዞ የሚኖር ሕዝብ ስለ ሹራብ ቀለም መንቀጥቀጡ ነው። ስናስነጥስ እንኳ «ይማርህ» የምንባባል ሰዎች ነን!

«እና እንግዲህ ሰው እንብላ?» አሉ ጋሼ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ ይህችኛዋን ነጥብ ለእሳቸው ያዙላቸው።

«ከጀመሩ ጋሼ፣ ውኃ ማጠጣቱን አይርሱ።»

ከሳቁ ሥር ግን እውነተኛ ጥያቄ አለ። ፍርሃት ከተነሣ ሰዉን ምን ይይዘዋል? እኔ ደግሞ እስከ ዛሬስ ምን ያዘው እላለሁ። የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን ስለ ገሃነም ስብከት አምልጦት አያውቅም። የዕድሩን ብር መንካት ያቆመው ግን ኦዲት ኮሚቴ ያቋቋምን ዕለት ነው። ገሃነም ሩቅ ነው፣ ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ቅርብ። የሠሩት አልፈሩም፣ የፈራውም አልሠራም፤ በመክሊቱ ምሳሌ አምስትና ሁለት የተቀበሉት ነግደው ሲያተርፉ፣ ጌታው ጨካኝ ነው ብሎ የፈራው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት። ፍርሃት ሰውየውን ጻድቅ አላደረገውም፤ አካፋ አስያዘው እንጂ።

እዚህ ላይ ተረቡን ትንሽ ልግታ። ሰፈራችን ውስጥ ልጇ ሞቶ የተወለደባት ሴት አለች። «ይሄ በከንቱ አይመጣም» ያላት ሰው ነበረ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ድንኳኑ ውስጥ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ሲቀደስ ከቅጽሩ ውጪ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ትቆማለች። ደጁን መሳለም እንኳ ፈርታለች። ንስሐ አባቷ ጠበል ሊረጩ ቤቷ የመጡ ጊዜ «አባ፣ ምን በድዬው ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥርስ የላቸውም፣ ስብከትም አይችሉም። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ልጄ» አሏት፣ «እሱም እኮ ልጁ ሞቶበታል። ያንቺን ሐዘን ከሱ በላይ ማን ሊያውቀው? ግቢና አብራችሁ አልቅሱ።»

በቀጣዩ እሁድ ገባች።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ብርጭቋቸውን ይዘው ቆዩ። ነገር የሚፈልጉ መስሎኝ መልስ አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ወደ ሐጂ ዞር ብለው አዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኚህ አባት የየትኛው ደብር ናቸው?» አሉኝ።

«ለምን ፈለጓቸው ጋሼ?»

«ለአንድ ሰው ነው። አንተ አታውቀውም።»