ስምንት ሲደመር ስምንት

የዘንድሮ ዕቃ ካለው ይልቅ የሌለውን ይቆጥራል። ስልኬን እዩት! ሻጩ «ራሙ 16 ጊጋ ነው፣ አባባ» ብሎ አሸከመኝ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ከፍታ ብታየው እውነተኛው 8 ብቻ ነው፤ ሌላው 8 ፎቶና መዝሙር ከሚቀመጥበት ተቆርሶ «ራም ነኝ» የሚል አስመሳይ።

«ይሄማ የዱሮ ነገር ነው፣ አባባ» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። የጀመሩት የማንቸስተሩ ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ ናቸው አሉ፤ ኅዳር 1955 ዓ.ም. ባስመረቁት አትላስ በሚባል ኮምፒውተር። እንግሊዝ መሆኑ አልገረመኝም። ከመቅደላ ያን ሁሉ ብራና ጭኖ የሄደ ማስቀመጫ ቢጠበው ምን ይደንቃል?

የአትላስ ፈጣን ሜሞሪ (የዛሬው ራም በሉት) ውድ ስለነበር የሚይዘው 16,384 «ቃል»፣ ማለት የመረጃ ቁራሽ፣ ብቻ ነበር። ሌላው 98,304 ቃል ሲሽከረከር በሚውል የማግኔት ከበሮ ላይ ተጫነ፤ ያ ደግሞ በሺህ እጥፍ ይዘገያል። ቀድሞ የፕሮግራሙ የትኛው ክፍል መቼ ይግባ፣ መቼ ይውጣ እያለ የሚጨነቀው ፕሮግራም ጸሐፊው ነበር። ኪልበርን ጭንቀቱን ለማሽኑ አስረከበ። ሁሉም ነገር 512 ቃል በሚይዝ ገጽ ተከፈለ። የተፈለገው ገጽ ከሌለ ማሽኑ ራሱ ከከበሮው ያመጣል፤ ቦታ ሲጠበው አሁን አያስፈልግም ያለውን ወደዚያው ይመልሳል። ጸሐፊው ሁሉም አጠገቡ ያለ ይመስለዋል።

ብልሃቱን አልክድም። ግን ሥራ ሲደራረብስ? ፒተር ዴኒንግ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳይቶታል፦ ማሽኑ ገጽ ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል፣ ዋናው ሥራ ይቆማል። ወጡን ሲያመጣ እንጀራው፣ እንጀራውን ሲያመጣ ወጡ የሚነሳበት የድግስ አሳላፊ በሉት። ስልኬም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰው ልደውል ስል ሲያስብ ይቆያል፤ ሲያነሳልኝ የምለው ይጠፋኛል።

የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከሎቹ ቤተልሔምና ዙር አምባ ባሉበት በዚህ በደቡብ ጎንደር ሜሞሪ እንዲህ አልነበረም። የቃል ትምህርት በጨለማ ነው፤ መብራት የለ፣ መጽሐፍ የለ። መልክአ ማርያምን ጀምሮ «እኩሌታው በልቤ ነው፤ የቀረውን ከጎጆዬ ላምጣ» የሚል ተማሪ፣ መምህሩ መጀመሪያ የሚያስመጡት አርጩሜውን ነበር!