ሰልፈኛው ከሰል
የኢንዱስትሪ ዕድገት በፋብሪካ ብዛትና በወጪ ንግድ ገቢ እንደሚለካ ይታመናል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ግን በቻይና ከውስጥ ሞንጎሊያ ግዛት ወደ ቤይጂንግ የሚያመራው አውራ ጎዳና፣ ዕድገት በቆሙ የጭነት መኪኖች ርዝመትም ሊለካ እንደሚችል አስመሰከረ። የባቡር ሐዲዱ ፋብሪካዎችና ኃይል ማመንጫዎች የሚፈልጉትን የድንጋይ ከሰል ሁሉ ማጓጓዝ ስላቃተው ትርፉ ጭነት ወደ አስፋልቱ ተገፋ፤ አስፋልቱም ከልክ በላይ በተጫኑ መኪኖች እየተጎዳ ሲሄድ ባለሥልጣናቱ ለጥገና ሲሉ ከፊሉን ዘጉት፤ በቀረውም ላይ የመኪኖች ሰልፍ ተፈጠረ። የጥገናውን ዕቃ የጫኑት መኪኖችም፣ መቼም ተራ መጠበቅ ጨዋነት ነውና፣ ከሰልፉ ኋላ ተሰለፉ። ሰልፉ ከ100 ኪሎ ሜትር በልጦ ከ10 ቀናት በላይ ሲዘልቅ፣ ሾፌሮቹ በመኪናቸው ጥላ ሥር ካርታ ይጫወቱ ጀመር፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ደግሞ ኑድልና የታሸገ ውሃ እያዞሩ ከወትሮው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይቸበችቡላቸው ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የአቅርቦት ሰንሰለት የሚሉት፣ ማለትም ዕቃ ከአምራች እጅ ወጥቶ ተጠቃሚ ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍበት ቅብብሎሽ፣ በዚያ ሰሞን ያለ እንከን የሠራው ለኑድል ብቻ ሲሆን፣ ለእሱም መንግሥት አንዲት ክንድ ሐዲድ አልዘረጋለትም።