ሽንኩርት የማይገባበት ጓዳ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ምን እየበላህ ነው?» ስትይኝ የሸፋፈንኩት ነገር አለ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው፤ ሳቅሽ አይሰማኝም። እማዬ፣ ወጥ ሥራ እየተማርኩ ነው። የኛን እንዳይመስልሽ፤ የሕንድ፣ ያውም የጉጃራት።

ሌስተር እንግሊዝ አገር ናት ይላሉ እንጂ ቤልግሬቭ መንገድ ላይ ብትወጪ ሳሪ ቤትና ወርቅ ቤት ብቻ ነው የምታዪው፤ ፒያሳ የወጣሽ ይመስልሻል። ኢዲ አሚን በፈረንጆቹ 1972 ሕንዶቹን ከኡጋንዳ ሲያባርር፣ የሌስተር ማዘጋጃ ቤት እዚያው ኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ «ወደ እኛ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ከተማዋን ያስተዋወቀላቸው እሱ ነው መሰለኝ፣ በሺህ እየሆኑ መጡ። አስተማሪዬም ካምፓላ የተወለዱ ባልቴት ናቸው።

ጋንዲ ሆስፒታል መወለዴን ስነግራቸው እጄን ይዘው ለክፍሉ ሁሉ አሳዩኝ። ለካ ጋንዲ ፖርባንዳር የሚባል ቦታ የተወለደ የጉጃራት ሰው ነው! ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሆንኩ፤ ጨው በቃ አልበቃም የምፈርደው እኔ ነኝ። ያደግሁበትን ሰፈር ስም ግን አልነገርኳቸውም። ሴትዮዋ የጃይን እምነት ተከታይ ናቸው፤ ጉንዳን እንኳ እንዳይረግጡ የሚጠነቀቁ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሶ ስሙ ብቻ ቢቀርም፣ ያን ስም በምን አፌ ልጥራው?

ዋናው ጉድ ገና ነው። ጃይኖች ከመሬት ሥር ተነቅሎ የሚወጣ አይበሉም፦ ቀይ ሽንኩርት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ድንች የለም። አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሳይሄድ፣ ገና ፒያሳ ሳለ፣ ለበዓል የምታሸክሚኝን ሽንኩርት ታስታውሻለሽ? ስትከትፉት ግቢው በሙሉ ያለቅስ ነበር።

እሳቸው ምን ያደርጋሉ መሰለሽ፣ ዘይቱን ያግሉና የሰናፍጭ ፍሬ ጣል ያደርጉበታል። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ከሙን፣ ከዚያ ሂንግ የሚሉትን ዱቄት ቆንጠር አድርገው ይለቁበታል። ሂንግ የአንድ ተክል ሙጫ ነው፤ ጥሬውን ያሸተተ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ዘይት ሲነካው ግን ሽንኩርት ነኝ ብሎ ይምላል። ያን የሚንጫጫ ዘይት በስሎ ባለቀ ክክ ላይ ገልብጠው ከድን ያደርጉታል። አንቺ መጀመሪያ የምታቁላዪውን እነሱ መጨረሻ ላይ! ቀጥሎ ሎሚ፣ ቀጥሎ ስኳር። ክክ ወጥ ላይ ስኳር፣ እማዬ! «ቅመስ» አሉኝ። ቀመስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አስደገምኩ።

ቅመሙን ግን ማን ብሎኝ! ፈረንጆቹ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሲያነቡ እኔ አሽትቼ እርዱን፣ ድንብላሉን፣ ነጭ አዝሙዱን እለያለሁ፤ በርበሬ ስታሰጪ ዶሮ ስከላከል የኖርኩት በከንቱ አልነበረም። አብሽን እኛ ፍሬውን ብቻ ነው የምናውቀው፤ እነሱ ቅጠሉን ከትፈው ከዱቄት ጋር ያቦኩና ቴፕላ የሚባል ስስ ቂጣ ይጋግሩታል። ለቁርስ እሱን ከሻይ ጋር ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ተቸገርኩ። «ጾም ነኝ» ብላቸው ደስ አላቸው፤ «እኛ ጋ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ምን ያሳስብሃል?» አሉና ቂጣውን በቅቤ ለቀለቁት። ቅቤም አይበላም አልኩ። «እርጎስ?» እርጎም። «ስንት ቀን?» 55፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ውሃም የለም። «ሽንኩርትስ?» ሲሉኝ «እሱማ እንደ ልብ ነው» ብል፣ እንደዚያ ቀን ያዘነልኝ ሰው የለም። እነሱ በትልቁ ጾማቸው ስምንት ቀን የፈላ ውሃ ብቻ ጠጥተው የሚያሳልፉ አሏቸው። ይህን ስሰማ ስለ 55ቱ ማውራት ተውኩ። አራዳ ጊዮርጊስን ስትሳለሚ ግን አስቢኝ።

አሁን የተማሪ ተራ ደርሶ የአገሬን ምግብ እንድሠራ ታዝዣለሁ። ሽሮ አልኳቸው፤ ሽምብራ ስለሚወዱ ተስማሙ። ያንቺን ሽሮ ከሻንጣ ሳወጣው ትዝ አለኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱ አብሮ ተፈጭቷል! ስለዚህ አደራሽን፣ አንድ ኪሎ ያለ ነጭ ሽንኩርት አስፈጭተሽ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ወፍጮ ቤት ለምን ብለው ከጠየቁሽ፣ ሐኪም ከልክሎት ነው በያቸው።

ልጅሽ፣ ከሌስተር